ሳይጠሩት የመጣ መስኮት

በአገራችን ታሪክ ተጻፈ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የጦርነትና የሹም ሽር ታሪክ ነው። የጨዋታ ቤትን ታሪክ፣ ይልቁንም በጨዋታ ቤት ደጃፍ ቆሞ ደንበኛ የሚጠራውን ድምፅ ታሪክ፣ ቁም ነገር ብሎ የሚይዘው የለም። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን መቱ ከተማ ላይ አንድ ልጅን የበደልኩት በደል አለ፤ በደሉም ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም። ስለዚህ አንባቢ ይታገሠኝና ከጥንቱ ልጀምር።

የኢሉባቦርን ከተሞች ለማያውቅ፣ መቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሶር ወንዝ አጠገብ፣ በቡናና በማር አገር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የጠቅላይ ግዛቱ የቀድሞ መዲና ግን እርሷ ሳትሆን ጎሬ ነበረች። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሸክም በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ በክረምትም ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በጣልያን እጅ ስትወድቅም ራስ እምሩ የመጨረሻውን መንግሥት ለማቆም የሞከሩት እዚያው ጎሬ ላይ ነው። ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ የተዛወረው በደርግ ዘመን ነው።

በእነዚያ ዘመናት አንድ ነገር ለሕዝብ ማሳወቅ የፈለገ መንግሥት ገበያ ይጠብቃል። ገበያው ሲሞላ ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ይናገራል፤ ሲጨርስም ይወርዳል። ገበያተኛውም ወደ ጨውና ወደ ቡናው ይመለሳል። አዋጁ መልካምም ይሁን ክፉ፣ አነጋገሩ ግን ሥርዓት ነበረው። ነጋሪው በየሰዉ ጓዳ እየገባ፣ እናት ሊጥ ስታቦካ እጇን ይዞ፣ ልጅ ገበጣ ሲጫወት ጠጠሩን ነጥቆ አይናገርም። ይጣራል፤ ከተጣራ በኋላ ዞር ይላል።

ይህ ሥርዓት መሣሪያው ሲለወጥም ብዙ አልፈረሰም። ሬዲዮ መጣ፤ መቱም በመካከለኛ ሞገድ በ684 ኪሎ ኸርዝ የምትታወቅ ማሠራጫ አገኘች። ሬዲዮኑን ያልፈለገ ያጠፋዋል። ቪዲዮ ቤት መጣ፤ የድምፅ ማጉያው ከደጅ ተሰቅሎ የሕንድ ዘፈንና የካራቴ ጩኸት ወደ መንገድ ይለቅቃል፤ ነገር ግን ሃምሳ ሳንቲሙን ከፍሎ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው «ሌላም ፊልም አለን» እያለ በመሐል የሚያቋርጠው አልነበረም። ጆተኒ መጣ፤ ፑል መጣ፤ ኋላም የፕሌይስቴሽን ቤት መጣ። የሁሉም ሕግ አንድ ነበር፦ ጥሪው ከደጅ፣ ጨዋታው ከውስጥ። ከዚህ ሕግ ውጪ የነበረው የመናኸሪያው ወያላ ብቻ ነው። እርሱ ሻንጣህን ከእጅህ ነጥቆ «ጅማ ነህ? በደሌ ነህ?» ይልሃል። ወያላ ግን ሁለት ዓይንና አንድ አፍ ያለው ሰው ነው፤ ቆጣ ብትልበት ይተውሃል።

ይህን ሕግ ከመሠረቱ ያናጋው ኢንተርኔት ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ አንድ መስኮት ነው።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። መቱ ላይ እኔ ሦስት ኮምፒዩተር ገዝቼ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ «ኢንተርኔት ቤት» የሚል ታፔላ የሰቀልኩት ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ነበር። መስመሩ የስልክ መስመር ነው። ዝናብ ሲጥል ይደክማል፤ በኢሉባቦር ደግሞ ዝናብ የማይጥልበትን ወር መቁጠር ይቀልላል። ሒሳቡ በደቂቃ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ጧት ጧት የሚመጡት ደብዳቤ የሚልኩ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ሲሆኑ ከቀትር በኋላ ግን ቤቱን የሚሞሉት ልጆች ነበሩ። ልጆቹ የሚፈልጉት ጨዋታ ነው፤ የመኪና ውድድር፣ የኳስ ቅጣት ምት፣ ባለ ቀስት ጦረኛ። ጨዋታዎቹ በነፃ የሚቀርቡባቸውን ድረ ገጾች ስም አንዱ ለአንዱ በደብተር ጀርባ እየጻፈ ይቀባበል ነበር።

«በነፃ» ያልኩት ባለ ድረ ገጹ እንደሚለው ነው። ገጹ እስኪከፈት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ሊከፈት ሲል ደግሞ ያልተጠራ መስኮት ብቅ ይላል፤ «አሸንፈሃል!» የሚል፣ ወይም የቁማር ቤት፣ ወይም የማይጻፍ ሥዕል። መስኮቱም በዚያው ቀጭን መስመር ላይ ተሻምቶ ይወርዳል። አንዱ ሲዘጋ ሁለት ይተካሉ። አምስት ብር ይዞ የመጣ ልጅ ዐሥር ደቂቃ ገዝቶ ሁለት ደቂቃ ይጫወታል። ስምንቱን ደቂቃ የከፈለው ለማን ነው? አሜሪካ ውስጥ ያለው ባለ ማስታወቂያ ማስታወቂያውን ያቀረበው በራሱ ወጪ ይመስለው ይሆናል። መቱ ላይ ግን የማስታወቂያውን ዋጋ የከፈለው ቡና ለቅሞ አምስት ብር ያገኘ ልጅ ነበር።

ወደ በደሌ እንመለስ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ነበር። በቡና ለቀማ ወቅት፣ እጁ ገና በቡና ልጣጭ እንደ ጠቆረ፣ አምስት ብሩን በመዳፉ ጨብጦ ይመጣል። ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጥግ ካለችው ኮምፒዩተር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአጠገቡ አንዲት መምህርት ተቀምጠው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ድንገት «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብለው ሲነሡ ሰማሁ። ዘወር ብዬ ሳይ የልጁ ስክሪን በነውር ሥዕል ተሞልቷል። ልጁ አይጡን እንደ እብድ ይጫናል። እኔ ደግሞ ጥፋቱን ለመደበቅ የሚሯሯጥ መሰለኝ። ጆሮውን ይዤ አስወጣሁት፤ አምስት ብሩንም አልመለስኩለትም። በማግስቱ አባቱ መጡ። «እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳቸው። እኚያ ሰው እቤታቸው ገብተው ልጃቸውን ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ማለዳ፣ ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ያንኑ የጨዋታ ገጽ ራሴ ከፈትኩ። ምንም ሳልነካ መስኮቱ ብቅ አለ። ሥዕሉ ያው ነው። ዘጋሁት፤ ሌላ መጣ። ያንንም ዘጋሁት፤ ሁለት መጡ። እጄ አይጡ ላይ ሲሯሯጥ ያየሁት የዚያን ልጅ እጅ ነው።

ታዲያ ይህን መስኮት ማን ፈጠረው? ለምንስ? ይህን ለማወቅ የቻልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በድረ ገጽ ላይ የመጀመሪያው የሚባለው ባለ ሥዕል ማስታወቂያ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ሆትዋየርድ በተባለ የአሜሪካ ገጽ ላይ ሲሆን ባለቤቱ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ነበር። ያ ማስታወቂያ በገጹ ራስጌ እንደ ታፔላ የተቀመጠ ነው። ያልፈለገ አልፎት ይሄዳል፤ ካዩት ሰዎች ግን ከመቶ 44ቱ እንደ ነኩት ይነገርለታል። ጥሪው ገና ደጅ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ትራይፖድ የሚባል ድርጅት ሰዎች የራሳቸውን ገጽ በነፃ እንዲሠሩ ይፈቅድ ነበር። ገቢው ማስታወቂያ ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ለጨዋ ሰው በማይነገር የወሲብ ገጽ ላይ ተለጥፎ አገኘውና ተቆጣ፤ ስሜ ከነውር ጋር ታየ አለ። በድርጅቱ ይሠራ የነበረው ኢታን ዙከርማን ለዚህ መላ ፈለገ። ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት ብቅ እንዲል የሚያደርግ ትእዛዝ ጻፈ። እንዲህ ከሆነ የመኪናው ስም ከነውሩ ጋር በአንድ ገጽ አይታይም። ዙከርማን በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. ዘ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ይህን ታሪክ ራሱ ጽፎ ሰውን ሁሉ ይቅርታ ጠየቀ። ሐሳባችን ክፉ አልነበረም የሚል ይቅርታ ነው።

እኔም ክፉ አልነበረም ብዬ አምነዋለሁ። ነገር ግን አንባቢ ነገሩን ልብ ይበልልኝ፦ ብቅ ባዩ መስኮት የተወለደው አንድ ኩባንያ እንዳያፍር ነው። እፍረት ግን እንደ ውሃ ነው፤ ከአንዱ ሲገደብ ወደ ሌላው ይፈስሳል። በዓመታት ውስጥ መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ ነውሩን ራሱን የሚሸጡት ሰዎች ያዙት። በማሳቹሴትስ ከመኪና ሻጩ ላይ የተነሣው እፍረት ዞሮ ዞሮ መቱ ላይ፣ ከአንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አንገት ላይ አረፈ። የጫንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህ የደረሰው በእኛ ላይ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንድ ግለሰብ ከሰሰ። ሰውዬው የታወቁ ድረ ገጾችን ስም ፊደል እያዛባ በሺዎች የሚቆጠሩ አድራሻዎች አስመዝግቦ ነበር። ልጅ የካርቱን ገጽ ሲፈልግ አንድ ፊደል ቢሳሳት በዚህ ሰው ወጥመድ ይገባል፤ የቁማርና የወሲብ መስኮቶች ይዘንቡበታል፤ መውጫው ይጠፋል። አንድ የኮሚሽኑ ሠራተኛ 32 መስኮት አንድ በአንድ ዘግቶ «ወደ ኋላ» የሚለውን ቢነካ የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ እንደገና ፈነዱበት። የኮሚሽኑ ሠራተኛ መንግሥት ነበረለት፤ ያንን ልጅ ግን በመቱ ማን ያምነዋል?

የባለ ጨዋታ ገጾቹስ ትርፍ ምን ነበር? በዚያው በ2001 ኤክስ ቴን የተባለ የካሜራ ሻጭ በመስኮቶቹ ብዛት በአሜሪካ እጅግ ከሚጎበኙት ገጾች ተርታ ገብቶ ነበር። ሲመረመር ግን ከጎብኚዎቹ ከመቶ ሰባ የሚበልጡት በ20 ሴኮንድ ውስጥ ጥለው የሚሄዱ ነበሩ። ይህ ደንበኛ ሳይሆን መስኮት ለመዝጋት የመጣ ሰው ነው። የድረ ገጽ አጠቃቀምን በማጥናት የታወቀው ያኮብ ኒልሰን በ2004 ባሳተመው ዘገባ ደግሞ ከተጠየቁት ተጠቃሚዎች ከመቶ 95ቱ ብቅ ባይ መስኮትን እንደሚጠሉ ተመልክቷል። በአንድ ጉዳይ ላይ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚስማማው ስንት ጊዜ ነው?

ስለዚህ መድኃኒቱ ተፈለገ። የኖርዌይ ኩባንያ የሆነው ኦፔራ መስኮቶቹን የሚያግድ ብራውዘር በማውጣት ከቀደሙት አንዱ ነው፤ ሞዚላ በ2002 ተከተለ፤ ማይክሮሶፍትም በነሐሴ 2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባወጣው ሁለተኛ ማሻሻያ ውስጥ እገዳውን አካተተ። እንግዲህ እኔ ቤቴን ስከፍት መድኃኒቱ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ለምን አልደረሰኝም? የማሻሻያው ሙሉ ፋይል 266 ሜጋ ባይት ነበር። በስልክ መስመር፣ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ፣ መስመሩም ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መቱ ላይ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ የሚቆይ የስልክ መስመር እኔ አላየሁም። በሽታው ቀላል ስለሆነ በአራት ደቂቃ ይደርሰናል፤ መድኃኒቱ ከባድ ስለሆነ መንገድ ላይ ይቀራል። በሩቅ አገር የተሠራ ነገር ወደ እኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ልጆቹም ሄዱ። ማንም አድማ አልጠራም። አንደኛው፣ አምስት ብራቸው ሁለት ደቂቃ ብቻ እንደምታጫውት ቆጥረው ደረሱበት። ሁለተኛው፣ ያ ልጅ የደረሰበት ወሬ በየሰፈሩ ተሰምቶ ወላጆች «እዚያ ቤት እንዳትደርስ» አሉ። የሄዱት ወደ ጆተኒውና ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ነው፤ እዚያ አምስት ብር የአምስት ብር ጨዋታ ያጫውታል። የጨዋታ ድረ ገጾቹ ባለቤቶች የኢሉባቦር ልጆች ጥለዋቸው እንደ ሄዱ እንኳ አላወቁም። እኔ ግን አወቅሁ፤ በ2000 ዓ.ም. ታፔላዬን አወረድኩ።

ዛሬ ኢንተርኔት ቤት የሚያሻው ሰው ጥቂት ነው፤ ስልክ በየኪሱ አለ። ኦፔራ ሚኒ የተባለው የዚያው የኖርዌይ ኩባንያ ብራውዘር ዳታ ስለሚቆጥብ ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ከተማ ተወዶ ቆይቷል። ጉግልም በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የስልክ ገጽን የሚጋርድ ማስታወቂያ ያላቸውን ድረ ገጾች በፍለጋ ውጤት ዝቅ ማድረግ ጀምሮ፣ በየካቲት 2018 ደግሞ ክሮም እጅግ አስቸጋሪ የሆኑ ማስታወቂያዎችን ማገድ ጀመረ። ማስታወቂያ ሻጩ ራሱ ማስታወቂያ አጋጅ ሲሆን ነገሩ የት እንደ ደረሰ መገመት አያዳግትም።

ነገር ግን መስኮቱ ስሙን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ዛሬ ልጅ በስልክ ጨዋታ ሲጫወት፣ መኪናው ሊያሸንፍ ሲል፣ የሠላሳ ሴኮንድ ማስታወቂያ ስክሪኑን ይሸፍነዋል፤ መዝጊያዋ ምልክት ደግሞ ከሰናፍጭ ፍሬ ታንሳለች። አምስት ብሩ በጥቅል ዳታ ተተካ እንጂ ከፋዩ ያው ልጁ ነው። የእግር ኳስ ውርርድ ጥሪም ሳይጠራ በዚያው በር ይገባል። አገራችን የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999ን ስታወጣ የሕፃናትን ፕሮግራም ከማስታወቂያ መቆራረጥ ለመጠበቅ አስባለች። ቴሌቪዥን የሚያየው ሕፃንና ስልክ የያዘው ሕፃን አንድ ሕፃን አይደለምን?

አንዳንዱ «ያለ ማስታወቂያ ነፃ ጨዋታ ከየት ይመጣል?» ይላል። እውነት አለው። ማስታወቂያ ይኑር፤ እኔም ታፔላ ሰቅዬ ነበር። የምለው፣ የድሮው የጎሬ ገበያ ሕግ ይመለስ ነው። ጥሪው ከደጅ ይሁን፤ ጠሪው ስሙን ይናገር፤ ከተጣራ በኋላም ዞር ይበል። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በየክልሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ይህን የምጽፈው ይልቁንም ለእነርሱ ነው። ደንበኛ ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም።

ባለፈው የቡና ወቅት ለአንድ ጉዳይ መቱ ወርጄ ነበር። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ስልክ መጠገኛ ሱቅ ገብቼ ስልኬን ሳቀብል ባለ ሱቁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ እርስዎ ኢንተርኔት ቤቱ አይደሉም?» አለኝ። ያ ልጅ ነው። ጎልምሷል። ሰው ወጣ እስኪል ጠብቄ ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ መስኮቱ በራሱ እንደሚከፈት፣ ማን እንደ ሠራው፣ ለምን እንደ ሠራው። ስልኬን እየፈታ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«እኔ እኮ ያኔ ለመዝጋት ነበር የታገልኩት» አለ በመጨረሻ። «አባቴም አላመነኝም። እርስዎ በዓይኔ አየሁ ብለውታል።»

«አዎ፣ ብያለሁ። በድዬሃለሁ» አልኩት። አባቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቅሁት፤ አርፈዋል።

ስልኬን ጠግኖ ሰጠኝ። ሒሳብ ስጠይቀው ነገረኝ፤ ከፈልኩ። ከዚያ ላይ አምስት ብር ጨምሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አያትና ሳቅ አለ፤ ገንዘቡን ግን በጣቱ ወደ እኔ ገፋው።

«ይተዉት ጋሼ፤ ለአባቴ ቢነግሩልኝ ነበር ደኅና» አለኝ።